ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡት

«ቲቸር፣ አፕዴት እያደረገ መብራት ጠፋ፤ አሁን ኡቡንቱው ምንም ሶፍትዌር አልጭንም አለ። ፎርማት ላድርገው?» ይህ መልእክት ከድሮ ተማሪዎቼ በየጊዜው ይመጣልኛል። ኧረ በፍጹም!

ኡቡንቱ ላይ ሶፍትዌር ሲጫን ዲፒኬጂ የሚባለው ፕሮግራም መጀመሪያ ፋይሎቹን ያራግፋል፣ ከዚያ ኮንፊገር ያደርጋል። መብራቱ መሃል ላይ ከሄደ ሥራው ይንጠለጠላል እንጂ ኮምፒውተሩ አልሞተም። የት ላይ እንደቆመ መዝግቦ ይዞታል። ለዚህም ነው ተርሚናሉ ላይ መፍትሔውን ራሱ የሚጽፍላችሁ፦ ሱዶ፣ ዲፒኬጂ፣ ሁለት ጭረት ኮንፊገር፣ ጭረት ኤ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ብቻ ሳያነቡ ማለፍ ምን የሚሉት ልማድ ነው?

አንድ ጥገና ቤት ለዚህችው ችግር ፎርማት አድርጎ የአንዲት ተማሪዬን የመመረቂያ ጽሑፍ ጠራርጎ አጠፋው። ገንዘቡንም ተቀብሏል እኮ!

ሌላው የማይዋጥልኝ «ሎክ የሚለውን ፋይል ደምስሰው» የሚባለው ምክር ነው። ሎኩ ያለው ሌላ ፕሮግራም እየሠራ ስለሆነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኡቡንቱ ራሱ ከጀርባ የደህንነት አፕዴት እየጫነ ነው። ትንሽ ጠብቁት (ቡና ጠጡ)። ሎኩን አጥፍታችሁ ሁለት ጭነት ባንዴ ካስጀመራችሁ ግን ያ መዝገብ ሊበላሽ ይችላል፤ ያኔ እውነተኛው ጣጣ ይመጣል።

ካቃታችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ኤረር ጀምሮ ይሁን።