ቡቲክ ፒካፕ፦ ለድምፅ ወይስ ለስም የሚከፈል ዋጋ

ፒካፕ የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ሲርገበገብ እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ አካል ነው። ውስጡ ማግኔት አለ፤ በዙሪያው ደግሞ እጅግ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል። በብዛት የተለመደው ባለ 42 ቁጥር ሽቦ ውፍረቱ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ስትራቶካስተር በተባለው የፌንደር ጊታር አንድ ፒካፕ ላይ ወደ 8000 ዙር ይጠቀለላል። ይህ ዕቃ ዛሬ በሁለት ዓይነት ዋጋ ይሸጣል። አንደኛው ፋብሪካ በብዛት የሚያመርተው ነው። ሁለተኛው በትንሽ ወርክሾፕ ጥቂት ሰዎች የሚሠሩትና «ቡቲክ» የሚባለው ነው፤ ብዙ ጊዜ የፋብሪካውን እጥፍ ያስከፍላል። በጊታሪስቶች ዘንድ የሰፈነው እምነት ተጨማሪው ገንዘብ የሚከፈለው ለተሻለ ድምፅ ነው የሚል ነው። እምነቱ በአብዛኛው ስሕተት ነው፤ ብዙ ወጣት ተጫዋቾችንም ያለ አግባብ ገንዘብ አስወጥቷል።

የፒካፕን የድምፅ ቀለም በዋናነት የሚወስኑት ሁለት ሊለኩ የሚችሉ ባሕርያት ናቸው። አንዱ በሄንሪ የሚለካው ኢንዳክታንስ፣ ሌላው በፒኮፋራድ የሚለካው ካፓሲታንስ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ፒካፑ አጉልቶ የሚያሰማውን ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም የሬዞናንስ ጫፉን ይወስናሉ። ከዚያ ጫፍ በላይ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች በፍጥነት ይደክማሉ። የስትራቶካስተር ፒካፕ ከ2 እስከ 2.5 ሄንሪ ገደማ ስለሆነ ድምፁ ብሩህ ነው፤ ባለ ሁለት ጥቅሉ ሃምበከር ደግሞ ከ4 እስከ 5 ሄንሪ ስለሚደርስ ወፈር ይላል። ጀርመናውያኑ ሄልሙት ለሜና ማንፍሬድ ዞልነር ይህን በስፋት ለክተው አሳትመዋል። ጉዳዩ በኤሌክትሪክ ሕግ የሚመራ እንጂ የምሥጢር ጥበብ አይደለም።

የቡቲክ ፒካፕ ትልቁ መከራከሪያ የእጅ ጥቅልል ነው። ሽቦውን በጣቱ እየመራ የሚጠቀልል ሰው ዙሮቹን እኩል አያሰልፋቸውም፤ እዚህ ይጠጋጋሉ፣ እዚያ ይራራቃሉ። በዚህም የጥቅሉ ካፓሲታንስ ይቀንሳል፣ ድምፁም «ይከፈታል» ይባላል። ካፓሲታንሱ ሊቀንስ መቻሉ እውነት ነው። የድምፁ መከፈት ግን ጊታሩ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በኬብል መያያዙን የዘነጋ አባባል ነው። አንድ ሜትር የጊታር ኬብል ብቻውን 100 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ አለው። ባለ 2.4 ሄንሪ ጥቅል የራሱ ካፓሲታንስ 120 ፒኮፋራድ ቢሆንና በ3 ሜትር ኬብል ቢያያዝ፣ የሬዞናንስ ጫፉ 5000 ሄርዝ አካባቢ ያርፋል። ያው ጥቅል በ6 ሜትር ኬብል ቢያያዝ ጫፉ ወደ 3800 ሄርዝ ይወርዳል። አሁን የእጅ ጥቅልሉ ከፒካፑ ካፓሲታንስ ላይ 30 ፒኮፋራድ ቀነሰ እንበል። በ3 ሜትሩ ኬብል ላይ ጫፉ ከፍ የሚለው በ200 ሄርዝ ያህል ብቻ ነው። መድረክ ላይ ረጅም ኬብል የሚጎትት ተጫዋች ይህን በብዙ እጥፍ መልሶ ያጣዋል። የእጅን ጥበብ በመቶዎች ዶላር የገዛ ሰው የኬብሉን ርዝመት ካላሰበበት፣ የገዛውን ነገር ሳይሰማው ቀርቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ታሪክ ነው። ቡቲክ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹን ድምፅ መልሰው እንደሚያመጡ ይናገራሉ። ሆኖም እንደ ቅርስ የሚታዩት ፒካፖች ራሳቸው የፋብሪካ ምርት ነበሩ። ሴዝ ላቨር የተባለው የጊታር አምራቹ የጊብሰን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ ያስገባበት ሃምበከር፣ ከ1957 ጀምሮ በካላማዙ፣ ሚሺጋን፣ በብዛት ሲመረት ቆይቷል። ዛሬ የሚመለከው ይህ ፒካፕ ወጥ አልነበረም። ሠራተኞች በእጃቸው የገባውን የአልኒኮ ማግኔት፣ ቁጥሩ ሁለትም ይሁን አምስት፣ ይጨምሩበት ነበር፤ የዙሩም ብዛት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። በዚህም የተነሣ የዘመኑ ፒካፖች የኤሌክትሪክ መከላከያ ሲለካ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ኦም ድረስ ይገኛል። አንድ ወጥ ናሙና በሌለበት «ፍጹም ቅጂ» ሠራሁ የሚል ሻጭ፣ ከነበሩት ብዙ ፒካፖች መካከል የመረጠውን አንዱን እየሸጠ ነው። በፉለርተን፣ ካሊፎርኒያ፣ ከ1956 ጀምሮ ለፌንደር ፒካፕ ይጠቀልሉ የነበሩት አቢጌይል ይባራም የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። እጃቸው የሠለጠነ ባለሙያ መሆናቸው አያጠራጥርም፤ የሠሩት ግን በምርት መስመር ላይ ነው። በፋብሪካና በእጅ ባለሙያ መካከል ዛሬ የሚሰመረው ድንበር ያኔ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህም ድንበሩ ጸንቶ አልቆመም። ላሪ ዲማርዚዮ በ1972 ሱፐር ዲስቶርሽን የተባለውን ፒካፕ ሲያወጣ፣ ሲይሞር ደንከንም በ1976 የፒካፕ ድርጅቱን ሲመሠርት፣ ሁለቱም በትንሹ ነው የጀመሩት። ዛሬ ስማቸው ከፋብሪካ ምርት ጋር ይጠራል። ምርቱ በመብዛቱ ምክንያት ማግኔቱም ሽቦውም አልከፋም።

ገበያውን ከሁሉ በላይ ያሳሳተው ግን የኪሎ ኦም ቁጥር ነው። ሻጮች የፒካፕን ጉልበት በቀጥታ ጅረት መከላከያው ይገልጻሉ፤ ገዢውም ትልቅ ቁጥር ትልቅ ድምፅ ይመስለዋል። ባለ 43 ቁጥር ሽቦ ከ42ቱ ስለሚቀጥን፣ በእኩል ዙር እንኳ መከላከያው ይበልጣል። የሙቀት ለውጥም ቁጥሩን ያናውጠዋል፤ ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 8 ኪሎ ኦም የነበረው ወደ 8.3 ይጠጋል። ኢንዳክታንሱን ሳይናገር ይህን ቁጥር ብቻ የሚጽፍ ሠሪ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ለገዢው የሚጠቅመውን መረጃ እየደበቀ ነው።

ሁሉም ፒካፕ እኩል ነው ማለት ግን አይደለም። በርካሽ ጊታሮች ላይ የሚገጠሙ ብዙ ፒካፖች የማግኔት ዘንግ ሳይሆን የብረት ዘንግ ነው ያላቸው፤ ከሥራቸው ሴራሚክ ማግኔት ተለጥፏል። ብረቱ ኢንዳክታንሱን ስለሚጨምርና ኃይል ስለሚበላ ድምፁ በእርግጥ ይለወጣል። የናስ ሽፋንም ከኒኬል ሲልቨር ሽፋን ይልቅ ቀጫጭኑን ድምፅ ያፍናል። ጥቅሉ በሰም ካልተነከረ ድምፅ ከፍ ሲል ፒካፑ ራሱ ይጮኻል። እነዚህ እውነተኛ የጥራት መለያዎች ናቸው፤ ሆኖም ሁሉም በደኅና የፋብሪካ ፒካፕ ላይ ተሟልተው ይገኛሉ። የድምፅ ልዩነቱ ሰፊ የሚሆነው በደካማውና በደኅናው መካከል ነው፤ ከደኅናው ወደ ቡቲኩ ሲኬድ የሚሰፋው ዋጋው ነው።

«በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» የሚለው ምስክርነትም በጥንቃቄ መታየት አለበት። ፒካፕ ለመቀየር ክሩ ይፈታል፣ ሽቦ ይበየዳል፣ ብዙ ጊዜም አዲስ ክር ይታሰራል፤ ፒካፑ ከክሩ የሚርቅበት መጠንም ይለወጣል። በስትራቶካስተር ላይ ይህ ርቀት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢቀየር ጉልበቱም ቀለሙም ይቀየራል። የመስማት ትውስታ አጭር ስለሆነ ከብየዳው በፊት የነበረውን ድምፅ አጥርቶ የሚያስታውስ ጆሮ የለም። ታማኙ መንገድ አንድን ሐረግ በአንድ ኬብል፣ በእኩል ርቀትና በአንድ ዓይነት ክር ቀድቶ፣ የትኛው የየትኛው መሆኑን ለማያውቅ ሰው ማሰማት ነው። ይህን ሳያደርጉ የተጻፉት የምርት ውዳሴዎች ለግዢ መሠረት ሊሆኑ አይገባም።

የትንሽ ወርክሾፕ ቦታው ሌላ ነው። የተቃጠለ አሮጌ ፒካፕ መልሶ መጠቅለል፣ ለተረሳ የጊታር ዓይነት በልኩ መሥራት፣ አንድ ተጫዋች በቁጥር የጠየቀውን ኢንዳክታንስ ማድረስ፣ እነዚህ ፋብሪካ የማይሠራቸውና ተገቢ ክፍያ የሚገባቸው ሥራዎች ናቸው። ለመደበኛ ስትራቶካስተር ወይም ሌስ ፖል ፒካፕ የሚፈልግ ሰው ግን፣ በተለይም ዕቃውን በውጭ ምንዛሪ የሚያስመጣ ኢትዮጵያዊ ጊታሪስት፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የፒካፑን ከፍታ በብሎኑ ያስተካክል፤ ኬብሉን ያሳጥር፤ የቮሊየሙን ፖቴንሽዮሜትር ይለካ። 500 ኪሎ ኦም ተብሎ የተሸጠው ፖቴንሽዮሜትር በተፈቀደው የ20 በመቶ ልዩነት 400 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ቀጫጭኑን ድምፅ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ አሁንም ካላረካ፣ ደኅና የፋብሪካ ፒካፕ ይበቃል። ኢንዳክታንሱን፣ ካፓሲታንሱንና የማግኔቱን ዓይነት ለማይጽፍ ሠሪ፣ ስሙ ምንም ያህል ቢገን፣ ተጨማሪ ገንዘብ ሊከፈለው አይገባም።