ታወር ላይ ትርፍ ብረት የለም

ወገን፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ታወር ብረት እየተፈታ ለቁራሌው ይሸጣል፤ ታወሩ ይወድቃል፤ ከተማ በጨለማ ያድራል። ይህን ዜና ስንት ጊዜ ሰማን? እኔን የሚያናድደኝ ስርቆቱ ብቻ አይደለም። «ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ አንድ ሁለት ቢጎድለው ምን ይሆናል?» የሚል ሰው መብዛቱ ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ታወር ላይ ትርፍ ብረት የለም። ለምን እንዲህ እንደምል በሞስኮው የሬዲዮ ታወር ላስረዳ።

ሹኮቭ ታወር ይባላል፤ በነደፈው መሐንዲስ በቭላዲሚር ሹኮቭ ስም ነው የሚጠራው። የመጀመሪያው ንድፍ 350 ሜትር ከፍታ ነበረው፤ 2,200 ቶን ገደማ ብረት ይፈጃል። የፓሪሱ ኤፍል ታወር ሲሠራ 300 ሜትር ሆኖ 7,300 ቶን ብረት በልቷል። ሹኮቭ 50 ሜትር በልጦ ከሲሶ ባነሰ ብረት ሊያቆመው ነበር ማለት ነው። ግን ጊዜው የእርስ በርስ ጦርነት ነበርና ያም ብረት ጠፋ። ስለዚህ ወደ 150 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በ240 ቶን ገደማ ብረት፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ተጠናቀቀ።

ምስጢሩ ምንድነው? እኛ ባኮ በቆሎ አይጠፋም፤ እስቲ ሞክሩት። አንድ እቅፍ አገዳ ወገቡ ላይ እሰሩና አቁማችሁ ጠምዘዝ አድርጉት። ከላይም ከታችም ይዘረጋል፣ ወገቡ ይጠባል፣ የመሶብ ቅርጽ ይዞ ራሱን ችሎ ይቆማል። ከአገዳዎቹ ግን አንዱም አልጎበጠም። ሹኮቭም ያደረገው ይህንኑ ነው። ቀጥ ያሉ ቀጫጭን ብረቶችን ሰያፍ አድርጎ አስተላለፋቸው፣ በቀለበት አሰራቸው፣ እንዲህ ያሉ ስድስት ክፍሎችን ደራረበ። ነፋሱ በመሃል ያልፋል። ይህን ቅርጽ መጀመሪያ ያሳየው በ1896 በአንድ የውሃ ማማ ላይ ነው፤ እኛ አድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት መሆኑ ነው።

ሲገነባም መወጣጫ እንጨት አልተደረደረም። እያንዳንዱ ክፍል መሬት ላይ፣ በታችኛው ክፍል ሆድ ውስጥ እየተገጠመ ወደ ላይ ተሳበ፤ ልክ እንደ ድሮ ትራንዚስተር ሬዲዮ አንቴና። በ1921 አራተኛው ክፍል ሲሳብ ገመዱ ተበጠሰ፣ ወድቆ የታችኞቹንም ጎዳ። ሹኮቭ በገደብ የሞት ፍርድ ተፈረደበት። ፍርዱን ተሸክሞ ጨረሰው።

አሁን ወደኛ ልመለስ። የኛ ታወሮች ቅርጻቸው ቢለይም ሕጋቸው አንድ ነው፦ ቀጫጭን ብረቶች ሸክም ተካፍለው ይቆማሉ። ያቺ «ትርፍ» የምትመስል ሰያፍ ብረት ዋናው እግር እንዳይጎብጥ የምትይዝ ናት። ስትፈታ ታወሩ ወዲያው አይወድቅም፤ ሌባውን የሚያደፋፍረውም ይህ ነው። አንድ ቀን ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ግን እግሩ ይታጠፋል። አንዱ ሲወድቅ ደግሞ በሽቦው ጎረቤቱን ሊጎትት ይችላል።

«ድህነት ነው» የሚሉኝ አሉ። ይሁን፣ ድህነቱን አልክድም። ገዢው ግን ምን ቸግሮት ነው? የታወር ብረት በዚንክ የተነከረ፣ የቡሎን ቀዳዳው በልክ የተበሳ ነው፤ ከአጥር ብረት ጋር የሚምታታበት ነጋዴ የለም። ገዢ ከሌለ ፈቺ የለም። ስለዚህ ሕጉ መጀመሪያ የሚዛኑን ባለቤት ይጠይቅ ባይ ነኝ።

ሞስኮዎች በ2014 ያ ታወር ዝጓል፣ ይፍረስ ሲባል ነዋሪውም መሐንዲሱም «አይነካም» ብለው ጮኹ፤ ሳይፈርስ ቀረ። እኛ ደግሞ መብራታችንን፣ ስልካችንን፣ ሬዲዮአችንን ተሸክሞ የቆመውን በኪሎ እየሸጥን ነው። ታወር ሥር መፍቻ ይዞ የቆመ የማታውቁት ሰው ካያችሁ «የመንግሥት ንብረት ነው፣ ምን አገባኝ» ብላችሁ አትለፉ። ማነህ በሉት፣ ለሚመለከተው ደውሉ። ጨለማው የሚመጣው እኛው ቤት ነው።