የመልክዓ ምድር ውበት በማን ሚዛን ይለካ?

የተራራና የሸለቆ ውበት የሚታይ እንጂ የሚለካ አይመስልም። ይሁን እንጂ በዛሬው ዓለም ውበትም ነጥብ ይሰጠዋል፤ በፍርዱም መሠረት መሬት ይከለላል፣ ገበሬ ከቀዬው ይነሣል። በመሆኑም ጉዳዩን ለቱሪስትና ለባለሙያ ብቻ ልንተወው አይገባም። ለመሆኑ መዛኙ ማን ነው? ሚዛኑስ ምን ይቆጥራል?

በምዘናው ረገድ ሁለት ዋና ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ባለሙያ በመስፈርት የሚፈርድበት ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ ፌዴራል የመሬት አስተዳደር ቢሮ የመሬቱን ቅርጽ፣ ዕፅዋቱን፣ ውኃውን፣ ቀለሙን፣ ዙሪያ ገባውን፣ ብርቅነቱንና የሰው እጅ ያሳረፈበትን ለውጥ በ7 መስፈርቶች ይመዝናል። በዚህ ሚዛን የሰው ሥራ ውበትን ቢያዳብር የሚያስገኘው ቢበዛ 2 ነጥብ ሲሆን፣ ቢያበላሽ ግን እስከ 4 ነጥብ ያስቀንሳል። ሁለተኛው መንገድ ፎቶግራፍ እያሳዩ ሕዝብን መጠየቅ ነው። ይህም ቢሆን የሚጠየቀው ተመልካቹ እንጂ ነዋሪው ካልሆነ ጉድለቱ ያው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ኮንሶ ግልጽ ትምህርት ይሰጠናል። በዚያ ደረቅና ድንጋያማ ምድር ሕዝቡ ከ400 ዓመታት በላይ በባዶ እጁ ድንጋይ እየካበ፣ አንዳንዱ እስከ 5 ሜትር የሚደርስ እርከን ሠርቷል። እርከኑ አፈርን ይይዛል፣ ውኃን ያቆያል። ዩኔስኮ ይህን ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በባህላዊ መልክዓ ምድርነት ሲመዘግብ፣ ዋጋ የሰጠው ለሕዝቡ ወግና ለመሬት አጠቃቀሙ ነው። እዚህ ላይ ውበቱ ከጉልበቱ ሊነጠል አይችልም። ሠራተኛው ቢነሣ ካቡ ይፈርሳል።

በአንጻሩ ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 የተመዘገበው በተፈጥሮ ውበቱና በብርቅ እንስሳቱ ነው። እርሻና ልቅ ግጦሽ ዋሊያን ስለ አሰጉት በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣውም በ2017 ነው። በዚህ መካከል የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ዋሊያ መጠበቁ ተገቢ መሆኑን አንጠራጠርም። ሆኖም ጎብኚው ለሚያደንቀው ገደል ገበሬው የከፈለው ዋጋ ከሒሳቡ ሊወጣ አይገባም። ማሳውንና ግጦሹን ላጣ ሰው መተዳደሪያ እስካልተገኘለት ድረስ ምዘናው ጎዶሎ ነው።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው፤ ውበት ሲመዘን መሬቱን ያለማው ጉልበትና በመሬቱ የሚኖረው ሕዝብ ኑሮ አብረው ይቆጠሩ። የቀበሌ ነዋሪውና ሠራተኛውም በአካባቢው ኮረብታ ሲከለል ወይም የወንዝ ዳር ሲዋብ ዳር ቆሞ ተመልካች ሊሆን አይገባውም። ማን ይጠቀማል? ማን ይነሣል? የተነሣውስ በምን ይተዳደራል? ብሎ በየስብሰባው መጠየቅ ይኖርበታል። ጥያቄው መነሣት ያለበትም ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ከመዛኙ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ነው።