የአዲስ ዓለም ባለቤት ማን ነው?

በዕረፍት ወራት ወደየትውልድ ቦታችን ስንመለስ «ይህች ከተማ እንዴት ተቆረቆረች?» ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? ብንጠይቅም ብዙ ጊዜ የሚነገረን የአንድ ንጉሥ ወይም የአንድ ደጃዝማች ስም ነው። እኛ ግን ይህ ግማሽ መልስ ነው እንላለን።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን አዲስ ዓለምን እንመልከት። በአዲስ አበባ ዙሪያ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እያለቀ ስለ ሄደ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው እ.ኤ.አ. በ1900 ሥራ አስጀመሩ። ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ደርሶ የእንጨቱን ችግር አቃለለው፤ በአዲስ አበባ ቤት የሠሩትም መነሣትን አልወደዱም። አሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ታዲያ ንጉሡ ሲቀሩ ከተማዋ ስለ ምን አልጠፋችም? «ከተማ» የሚለው ቃል «ከተመ»፣ ማለትም ሰፈረ፣ ከሚለው የወጣ ነው። ሠራዊት ሲከትም ቀላቢው ባላገሩ ነበር፤ ሠራዊቱ ሲነሣ ግን ስንቱ ከተማ ፈርሶ ሜዳ ሆኗል። አዲስ ዓለምን ከደብሩ ጋር ያቆማት ጤፉን ጭኖ ገበያ የሚወጣው ገበሬ ነው። ስሟም ቢሆን «አዲስ» የሆነው ለመጪው ነው እንጂ፣ ቦታውን እጀሬ ብሎ ለሚጠራው ለኦሮሞው አራሽ ዓለሙ አዲስ አልነበረም።

«ንጉሡ ባያስቡት ኖሮ መንገዱ መቼ ይደርስ ነበር?» የሚሉን አይታጡም። አንክድም። ነገር ግን የቆረቆረው ሲመሰገን የመገበው ለምን ይረሳል?

በየግቢያችን «ባላገር» የሚለው ቃል ዛሬም ለስድብ ሲውል እንሰማለን። ባላገር ማለት የአገር ባለቤት ማለት ነው፤ ተሳዳቢውም የሚበላው የእሱን እህል ነው።

ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ደብተር ይዘን እንሂድ። የሹሙን ስም ከጻፍን በኋላ ሽማግሌውን ገበሬና ገበያ የዋሉትን እናት «ከዚያስ በፊት እዚህ ማን ነበር?» ብለን እንጠይቅ። እነርሱ ካለፉ በኋላ የሚነግረን አናገኝም።