አስፈሪ አዛዥ ጥሩ መሪ ነው ወይ?

የክርክር ክበባችን ለዓመታት «ከብዕርና ከሰይፍ የቱ ይበልጣል?» በሚለው ርእስ ሲከራከር ኖሯል። ዘንድሮ ግን የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች «ይህ ሰለቸን» ብለው የራሳቸውን ርእስ አመጡ፤ ጨካኝ መኮንን ወታደሩን በደንብ ይመራል ወይስ አይመራም? የተገኛችሁ ወላጆች እንደምታስታውሱት «ይመራል» ያለው ቡድን በጭብጨባ አሸነፈ። ከተማሪዎቹ ይልቅ ሞቅ አድርገው ያጨበጨቡት ደግሞ ወላጆቹ ነበሩ። በሳምንቱ በተደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ልጆቹን እንደ ወታደር ቀጥ አድርጎ የሚይዝ፣ ዱላ ለማንሳት የማያመነታ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ ይቀጠር የሚል ሐሳብ ቀረበ። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለውን ተረት በዚያን ቀን ሦስት ጊዜ ሰማን። በስብሰባው ላይ መልስ አልሰጠንም ነበር፤ እዚህ እንስጥ።

የምንኖርበት አገር ሕግ፣ እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የሕፃናት ሕግ፣ መምህር ልጅን እንዲመታ አይፈቅድም። በዚህ ብቻ ጉዳዩን መዝጋት ይቻል ነበር። «ትምህርት ቤት ጦር ሰፈር አይደለም» ብሎ ማለፍም ይቻላል። እኛ ግን ነገሩ ጦር ሰፈር ውስጥም ቢሆን እንደማያዋጣ እናምናለን። ለዚህ ደግሞ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም።

በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር አመፀ። ብዙዎቻችን ስለ አብዮቱ ስናስብ ቶሎ ትዝ የሚለን የተማሪው ሰልፍ፣ የታክሲ ነጂው አድማና የወሎ ረኀብ ነው። የነገሌው ወታደር ግን የካቲት ሳይገባ ነበር የተነሣው፤ ያስነሣውም በአብዛኛው ውሃ ነው። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው። ወታደሮቹ ከዚያ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያጣሩ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩ። ተማሪዎቻችን ወታደሮቹ ያደረጉትን ልብ ይበሉ፤ ጄኔራሉን ይዘው አስቀመጧቸውና እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ እነርሱ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ጄኔራሉም ታመሙ።

አንድ ጉድጓድ ዙፋን ገለበጠ አንልም። የደሞዝም፣ የመሬትም፣ የረኀብም ጥያቄ ነበረ። ሆኖም ወሬው ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ተዛምቶ በየካቲት አሥመራ የነበረው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተነሣ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። እኛን የሚገርመን ሌላው ነገር ነው። የነገሌ ወታደር ሙቀትና ጥም ምን እንደሆነ የሚያውቅ፣ ከዚያ ጋር የኖረ ሰው ነበር። ያልቻለው ጥሙን አልነበረም። ያልቻለው ጥሙ ወደ ታች ብቻ መውረዱን ነው።

እዚህ ላይ በክርክሩ ያሸነፉት ልጆች ያነሡትን ጥሩ ነጥብ እናንሣ። «ያለ ጥብቅ ሥልጠና ጦር የለም» ብለው ነበር፤ ልክ ናቸው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከመሄዱ በፊት የኮሪያን መልክአ ምድር በሚመስል ተራራ ላይ ብርቱ ሥልጠና ወስዷል። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ አንድም ሰው አልተማረከም። ይህ በልምምጥ የሚገኝ ውጤት አይደለም። ነገር ግን ጥብቅ መኮንንና ጨካኝ መኮንን ይለያያሉ። ጥብቁ ሌሊት ቀስቅሶ መሣሪያህን አጽዳ ሲልህ ታጉረመርማለህ፤ ያቺ ጠመንጃ ነገ አንተኑ እንደምታድን ግን ታውቃለህ። ጨካኙ የሚቆጣው አንተ እንድትፈራው ነው።

ከወላጆቻችን መካከል በሰሜን ግንባር ያገለገሉ አንድ አባት አሉ። በክርክሩ ቀን አላጨበጨቡም። በኋላ ቡና ስንጠጣ ምክንያቱን ነገሩን። የቁጡ አዛዥ ትልቁ ጉዳት ቁጣው እንዳልሆነ፣ እርሱ ዘንድ ክፉ ወሬ የሚያደርስ ሰው መጥፋቱ እንደሆነ አጫወቱን። ጥይት ሲያልቅ አልቋል የሚል የለም። ጠላት ሲጠጋ ተጠጋ የሚል የለም። ሁሉም «ደህና ነው» ይላል።

እሳቸው ያሉትን ከታሪኩ ጋር ስናስተያየው ገጠመልን። በደርግ ጦር ውስጥ ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳርና የደኅንነት ሰው ይመደቡ ነበር፤ አዛዡም ራሱ የሚፈራው አለ ማለት ነው። በ1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዐይኔ በገዛ መንግሥታቸው ትእዛዝ ተረሸኑ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በመጋቢት፣ አፍአበት ወደቀ፤ ናደውም ተበተነ። የቀሩት ጄኔራሎች ከዚያ ወዲህ በርትተው የተዋጉ እንደሆነ ውጤቱን እናውቃለን። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ራሳቸው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈ፤ በዓመቱም 12 ጄኔራሎች ተገደሉ። ወዲያው በ1983 ግንቦት ያ ሁሉ ጦር እንዳልነበረ ሆነ።

«ጄኔራል ፓተንስ?» ያለችውን ተማሪያችንን አልረሳናትም። አሜሪካዊው ፓተን እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሲሊ ውስጥ ሆስፒታል የተኙ ሁለት ወታደሮችን በጥፊ መትቷል፤ ጦርነትም አሸንፏል። እውነት ነው። ግን አለቃው አይዘንሃወር ይቅርታ እንዲጠይቅ አስገድዶታል። ጥፊው ለድሉ ምን እንደጨመረ ደግሞ እስካሁን ያስረዳን የለም።

ይበልጥ የሚያስቸግረን የአፄ ቴዎድሮስ ነገር ነው። ምቾት የማይወዱ፣ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ሲያስጎትቱ ከሰዉ ጋር መንገድ የጠረጉ ንጉሥ ነበሩ። የነገሌው ዓይነት የተለየ ጉድጓድ አልነበራቸውም። ሆኖም ቅጣታቸው ልክ ካጣ ወዲያ ያ ትልቅ ጦር ሌሊት ሌሊት እየከዳ አለቀ፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አብሯቸው የቀረው ጥቂት ሺህ ሰው ነው። መከራን መካፈል ብቻውንም አይበቃም ማለት ነው። የክርክሩ ተሸናፊዎች ይህን ቢያነሡ ኖሮ ጭብጨባው ወደ እነርሱ ይዞር ነበር ብለን እንገምታለን።

በእንግድነት የምንኖርባት አገርም ይህን ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1955 ከዚህ በስተ ምሥራቅ ያለችው ቶሪት ውስጥ የደቡብ ወታደሮች ወደ ሰሜን ሂዱ የሚለውን ትእዛዝ እምቢ ብለው አመፁ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1983 ቦር ላይ እንደዚያው ሆነ። የአስተናጋጆቻችንን ታሪክ መተንተን የእኛ ድርሻ አይደለም። ልጆቻችን ግን ይህን ከጎረቤቶቻቸው ልጆች ቢጠይቁ ብዙ ይማራሉ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ባለፈው የበጋ ወቅት፣ ያ የጁባ ሙቀት በበረታበት ሰሞን፣ የውሃ ቦቴው ሦስት ቀን ሳይመጣ ቀረ። የግቢው ሮቶ ደረቀ። ልጆቹ ከቤት በያዙት ፕላስቲክ እየተቆጠቡ ዋሉ። በመምህራን ክፍል ውስጥ ግን ሁለት ካርቶን ሃይላንድ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ በሩን አንኳኩቶ ውሃ ጠየቀ። «ይሄ የመምህራን ነው» ተባለ። ያለው ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ባለን ነበር፤ ያልነው እኛው ነን። ልጁ «እሺ» አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። በሥነ ሥርዓት በኩል ምንም እንከን አልነበረበትም።

ስለ ነገሌ ለተማሪዎች ስናስተምር ስንት ዓመታችን ነው! ነገሩ ትዝ ያለን ግን ልጁ ከወጣ በኋላ፣ ያውም ማታ ነው።

ስለዚህ ለወላጆች ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የሥነ ሥርዓት ኃላፊ እንቀጥራለን፤ የሚያረፍድ፣ የሚያስቸግር፣ የቤት ሥራ የማይሠራ ተማሪ አለና። ኃላፊው ጥብቅ ይሆናል። ዱላ አይይዝም። ከመጪው ተርም ጀምሮ መምህራንም ሆኑ ቢሮው የሚጠጡት ከተማሪዎቹ ሮቶ ይሆናል፤ ይታከማል፣ ይጣራል፣ ወጪውም ከትምህርት ቤቱ በጀት ይሸፈናል። ቦቴው ሲቀር ሁላችንም እኩል እንጠማለን፤ ያን ጊዜ ለባለ ቦቴው ስልክ የሚደወለው ቀድሞ ከሚደወልበት ሰዓት ፈጥኖ እንደሚሆን እንገምታለን። ያን ልጅ ደግሞ ጠርተን ይቅርታ ጠይቀነዋል። እርሱ እንኳ ረስቶት ነበር፤ ወይም ረሳሁት አለን።