አልጀብራን ከእኩያ መማር ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ሻይ በቀረበ ቁጥር በእኛ በመምህራኑ መካከል የሚነሣ አንድ ክስ አለ። የሁለተኛ ደረጃና የሪሜዲያል ተማሪዎች በቴሌግራም ተሰባስበው መሠረታዊ አልጀብራን እርስ በርስ መማማራቸው የትምህርትን ክብር ያረክሳል ይባላል። «ዕውር ዕውርን ቢመራው ተያይዘው ገደል ይገባሉ» የሚል ተረትም ይታከልበታል። ማስተማርን መተዳደሪያዬ ያደረግሁ ሰው እንደ መሆኔ ክሱን በጥሞና ሰምቼዋለሁ፤ ግን አልቀበለውም። ተከሳሾቹ በሌሉበት የሚሰጥ ፍርድ ስለ ሆነም ዛሬ ጥብቅና እቆምላቸዋለሁ።

እስቲ አስቀድመን ገደሉ የት እንዳለ እንይ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም ከአሥሩ ዘጠኙ ከመስመሩ በታች ቀርተዋል። እነዚህ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተመሩት በእኩዮቻቸው አልነበረም። የመሯቸው ደመወዝ የሚከፈለን መምህራን፣ ሥርዓተ ትምህርት የሚቀርጹ ባለሙያዎችና ሪፖርት የሚጽፉ ሹማምንት ናቸው። ታዲያ ለመሆኑ ዕውሩ መሪ ማን ነው?

አልጀብራ ደግሞ ጉድለትን የማይምር ትምህርት ነው። አንድ የታሪክ ምዕራፍ ያመለጠው ተማሪ ተከታዩን አንብቦ ሊረዳ ይችላል፤ የቅንፍን ሕግ ያልያዘ ተማሪ ግን ከካልኩለስ ደጃፍ አያልፍም። (3 + 4)² ስንት ነው ቢሉት 49 ብሎ የሚመልስ ልጅ፣ ቁጥሮቹ በፊደል ተተክተው (ሀ + ለ)² ሲሆኑበት ሀ² + ለ² ብሎ ይጽፋል። በዚህ ሕግ ቢሄድ የፊተኛው መልስ 9 + 16፣ ማለትም 25 በሆነ ነበር። የጎደለው 24 የት ገባ? የተዘነጋው 2ሀለ፣ ይኸውም የ2፣ የ3 እና የ4 ብዜት ነው። ይህን ማንም ያላሳየው ልጅ ስሕተቱን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተሸክሞት ይመጣል። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ አንድ መምህር የእያንዳንዱን ልጅ ስሕተት ለይቶ ማውጣት አይሆንለትም።

እኩያው ግን ይሆንለታል። ትናንት እዚያው ጉድጓድ ገብቶ የወጣ ስለ ሆነ ጉድጓዱን ያውቀዋል። 3ሀ + 5 = 20 የሚለውን «አምስቱ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ብሎ እንደ ድግምት ከማስያዝ ይልቅ በገበያ ሚዛን ያስረዳዋል። በአንዱ ሰሃን ሦስት እኩል የስኳር ቋጠሮና 5 ኪሎ፣ በሌላው 20 ኪሎ አለ፤ ከሁለቱም 5 ኪሎ አንሣ፤ ሦስቱ ቋጠሮ 15 ኪሎ ከመዘነ አንዱ 5 ነው። ይህንንም የሚነግረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ሁለት ያልታወቁ ነገሮችን፣ ቋንቋውንና ሒሳቡን፣ በአንድ እኩልታ እንዲፈታ ታዟል ማለት ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በየክፍሉ የተሰቀለው ፕላዝማም ይናገር ነበር እንጂ አይጠየቅም ነበር፤ ተማሪው እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አይቆምለትም።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳም አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስቀጽላል፤ መሪጌታው ደግሞ ከላይ ሆኖ ያርማል። ያ ሥርዓት ሊቃውንትን ሲያፈራ የኖረው ለአንዱ ማስተማር ለሌላው መማር ስለ ነበር ነው።

እርግጥ ነው፣ ከሳሾቹ ፈጽሞ ሐሰት አልተናገሩም። የቤት ሥራን መልስ ፎቶ አንሥቶ መላክ እርዳታ አይደለም፤ ወዳጅን ማስነፍ ነው። እርዳታ የሚባለው «እዚህ መስመር ላይ ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በእኩዮች መካከል ስሕተት እንደ እውነት የሚዛመትበት ጊዜም አለ። ነገር ግን መድኃኒቱ መናቅና መከልከል ሳይሆን እኛ ገብተን ማረም ነው። የአብነቱን ተማሪ የጠበቀው የመሪጌታው ጆሮ ነበር፤ የእኛ ጆሮ የት አለ?

ሁለተኛው ነቀፌታዬ ለመንግሥት ነው። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቷል። በትግራይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመታት ያህል፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ተማሪው ከዚህ መስመር ተቆርጦ ኖሯል። ጦርነት ትምህርት ቤቱን ዘግቶበት፣ በእጁ ላይ የቀረችውን ጠባብ መስኮትም የዘጋበት መንግሥት በፈተናው ውጤት መደነቅ አይገባውም።

እዚህ ላይ ሌላም አደጋ አለ። ነገ አንዱ ሹም ተነሥቶ «ተማሪዎች በራሳቸው እየተማማሩ ነው» ብሎ እንደ ስኬት ቢደሰኩርልን፣ እንዳንሸነገል። የልጆቹ ደግነት ለመምህር እጥረት መሸፈኛ ሊሆን አይገባውም። ደግሞም ስልክና ዳታ የሌለው የገጠር ልጅ የዚህ ማዕድ ተቋዳሽ አይደለም፤ ለእርሱ ዛሬም ያለው ተስፋ ጥሩ መምህርና የሚያነበው መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። ከሻዩ ጠረጴዛ እንነሣ። በሳምንት አንድ ሰዓት ሰጥተን ልጆቹ የጻፉትን እናንብብ፤ የተሳሳተውን እናርም፤ ያማረውን እናመስግን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ልጆቹ የየድርሻቸውን ሎሚ አንሥተዋል፤ የእኛዎቹ ገና መሬት ላይ ናቸው።