ምስሉ ሲቆራረጥ

በነጌሌ ቦረናም ሆነ ወረድ ብሎ በዶሎ አዶ ሙቀት ለምትኖሩ ዛሬ ስለ አንድ የቤት ጉዳይ እናወራለን። ትንሿን ኮምፒዩተር ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታችሁ፣ ልጆቹን ሰብስባችሁ ፊልም ስትከፍቱ ምስሉ ይቆራረጥ ይሆናል። ‹‹ቴሌቪዥኑ አርጅቷል›› ብላችሁ ለትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጣችሁትን ገንዘብ ከመንካታችሁ በፊት ሦስት ነገር መርምሩ።

አንደኛ፣ ፋይሉን። ከድሮ ቪሲዲ የተገለበጠ ፊልም 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው። 1920 በ1080 ነጥብ ባለው ቴሌቪዥን ላይ ሲለጠጥ መደብዘዙ አይቀርም፤ አዲስ ቴሌቪዥንም ያልተቀረጸውን አያመጣም።

ሁለተኛ፣ አጨማመቁን። ቪዲዮ ተጨምቆ ይቀመጣል፤ ኮምፒዩተሩ እያየን ይፈታዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤች 265 ከቀደመው ኤች 264 ያነሰ ቦታ ቢይዝም ለመፍታት ይከብዳል። ለዚህ የተሠራ ክፍል በሌለው አሮጌ ኮምፒዩተር ሸክሙ ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። እንግዲያው የኤች 264 ቅጂውን ሞክሩ።

ሦስተኛ፣ ሙቀቱንና ኃይሉን። ለምሳሌ ራስበሪ ፓይ 4 ሙቀቷ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ራሷን ለማዳን ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ኋላ አትሸጉጧት፤ ነፋስ ይንካት። ባለ 5 ቮልት፣ 3 አምፒር ቻርጀርም ትፈልጋለች፤ ደካማ የስልክ ቻርጀር ያዘገያታል።

ምልክቱን ያዙ፦ ከመጀመሪያው ደቂቃ ከተቆራረጠ ፋይሉን፣ ደህና ጀምሮ ቆይቶ ከሆነ ሙቀቱን ጠርጥሩ። ያጠራቀማችሁት ለልጆቻችሁ ይቆይ። ሰላም ሁኑ።